በቲቢ ማይክሮስኮፕ ሕያው የካንሰር ሕዋስ ማየት ይቻላል ወይ?

አቃቂ ላብራቶሪ · ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ ዳር በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እንደምታውቁት የቲቢን ዘረመል የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ አውራሚን በተባለው አብሪ ማቅለሚያ የተቀለመ አክታ የምናነብበት ባለ ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥራው ቀንሷል፤ አሁን በአብዛኛው የሚከፈተው መድኃኒት የጀመሩ ታካሚዎችን ለመከታተል ነው። መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ሳየው ሌላ ምን ሊያሳየኝ ይችል ይሆን የሚለው ሐሳብ አልለቅ ስላለኝ፣ ቅዳሜ ሹር ዶሮ ስንገነጥል ከጉበቱ ጥቂት በምላጭ ቆርጬ ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ነከርሁና፣ በማግስቱ ተረኛ ስለነበርሁ ሥራው ጋብ ሲል በስላይድና በከቨር ስሊፕ መካከል አድርጌ አየሁት። ምንም ዓይነት ማቅለሚያ አልጨመርሁበትም።

ያየሁት ግራ አጋባኝ። ጨለማ እጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ቁራጩ በሙሉ ወደ ቢጫ ባደላ አረንጓዴ ብርሃን ያበራ ነበር። በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ደግሞ የአንድም ሕዋስ ድንበር አይለይም፤ ፎከሱን ወደ ላይም ወደ ታችም ባዞር ያው ጭጋግ ነው። የካንሰር ሕዋሳት በሕያው እንስሳ አካል ውስጥ እየተሳቡ ሲሄዱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ያያችሁ ትኖራላችሁ። እነዚያን የሚቀርጹት ሰዎች የእኔን ጭጋግ እንዴት አለፉት? የእኔ መሣሪያ ከእነርሱ መሣሪያ የሚለየውስ በጥራት ነው ወይስ በዓይነት?

የቂሊንጦ ተማሪ · ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 4፡45

እህታችን፣ ጥያቄዎ በሦስት ስለሚከፈል ለየብቻ ልመልስ። እኔ ለዶክትሬት ትምህርቴ ውጭ አገር ሳለሁ በአይጥ ላይ ይህንኑ ሥራ ስለሠራሁ የእርስዎን ጭጋግ በደንብ አውቀዋለሁ።

ማቅለሚያ ሳይጨመር ማብራቱ የራስ ብርሃን የምንለው ነው። ጉበት ውስጥ ፍላቪን የተባሉ፣ ከቫይታሚን ቢ2 የሚገኙ ሞለኪውሎች አሉ፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኛቸው አረንጓዴ ይመልሳሉ። ሊፖፈስሲን የሚባለው በዕድሜ የሚከማች የሕዋስ ዝቃጭም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ያደላል። የአክታ ስላይድ ላይ ይህ የማያስቸግርዎት ሁለት ነገሮች ስለሚረዱዎት ነው፤ አንደኛ ንብርብሩ ስስ ነው፣ ሁለተኛ ፖታሲየም ፐርማንጋኔቱ የጀርባውን ብርሃን ያጠፋልዎታል። በሕያው አካል ላይ ግን ፐርማንጋኔት አይፈስም። ለአይጦች የሚሰጠው መኖ ሳይቀር ያስቸግራል፤ አልፋልፋ ካለበት በውስጡ ያለው ክሎሮፊል በሆዳቸው ውስጥ ሆኖ ቀይ ስለሚያበራ፣ ምስል ከመነሣቱ አስቀድሞ መኖ እንቀይርላቸው ነበር።

የሕዋሱ ድንበር ያለመለየቱ ምክንያት ውፍረት ነው። ፓቶሎጂስቶች የሚያዩት ቁራጭ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው፤ በምላጭ የተቆረጠው ጉበት ግን ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን እንኳ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይወፍራል። በ40 እጥፍ ሌንስ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 1 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ነው፤ ሰማያዊው ብርሃን ግን ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ያለውን ሁሉ ያበራል። ሌሊት በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን መብራት ባበራ ቁጥር ከፊቱ ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አያይም።

ለዚህ መፍትሔው በሁለት ደረጃ መጣ። ኮንፎካል የሚባለው ማይክሮስኮፕ በሌዘር አንዲትን ነጥብ ብቻ እያበራ፣ ከፎከስ ውጪ የሚመጣውን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ይከለክላል፤ ይህ ወደ 100 ማይክሮሜትር ያህል ጥልቀት ያስገባል። ቀጥሎ የመጣው የሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ዘዴ ነው። ማሪያ ጎፐርት ማየር አንድ ሞለኪውል ሁለት ፎቶኖችን በአንድ ጊዜ ሊውጥ እንደሚችል በዶክትሬት ጽሑፏ በስሌት ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ወደ ማይክሮስኮፕ የቀየሩት በ1990 ነው። በዚህ ዘዴ፣ ሕዋሱ እንዲታይ ራሱ እንዲሠራው የሚደረገውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን በ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ፈንታ ዓይን በማያየው በ920 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ያበሩታል። ይህ ረጅም ሞገድ በሥጋ ውስጥ ብዙም አይበተንም። ሁለት ፎቶኖች በአንድ ጊዜ የሚገናኙት ደግሞ ብርሃኑ እጅግ በሚጠብበት በፎከሱ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይና ከታች ያለው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መንገድ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይገባል። እንግዲህ ልዩነቱ የዓይነት ነው፤ የእርስዎን ማይክሮስኮፕ የቱንም ያህል ቢያሻሽሉት ወደዚያ አይደርስም።

ሦስተኛው የሕያውነት ጉዳይ ነው። ደም የተቋረጠበት ጉበት በሳላይን አድሮ ሕያው ነው ለማለት ይከብዳል፤ ስኳርም ኦክስጅንም የለውም። እኛ የምናየው አይጥ ማደንዘዣ እየሳበ፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ እንዲሆን ከሥሩ እየተሞቀ፣ ጡቱ ወይም ጀርባው ላይ በቀዶ ጥገና የመስታወት መስኮት ተተክሎለት ነው። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ፈተና የነበረው ሌዘሩ አልነበረም፤ የአይጡ ትንፋሽ ነበር። ደረቱ በተነሣ ቁጥር ሕዋሱ ከምስሉ ይወጣል።

ዶ/ር ከአያት · ሚያዝያ 15፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ፣ በመጀመሪያ አንድ ተግሣጽ፦ የአክታ ናሙና በሚነበብበት ጠረጴዛ ላይ የወጥ ቤት ሥጋ አይቀመጥም፣ ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣ ነገርም ወደ ቤት አይመለስም። ሥጋውን አስወግደሽው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ እኔ ሃያ ዓመት ያህል በፓቶሎጂ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጸጉሬም የሸበተው በፎርማሊን ሽታ ውስጥ ነው። ስለሆነም ጥያቄዬን የማነሣው ለክርክር ሳይሆን ከልቤ ነው። ባዮፕሲ (ከታካሚ የተቆረጠ ናሙና) ይመጣልኛል፤ በፎርማሊን እንዳይበላሽ ተጠብቆ፣ በፓራፊን ታሽጎ፣ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ተቀልሞ ዕጢው ምን እንደሆነ ይነግረኛል። ሐኪሙም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የአይጥን ዕጢ በሕይወት ሳለ በውድ ሌዘር መመልከት ለአንዲት ከዱከም ተነሥታ ለመጣች የጡት ካንሰር ታካሚ ምን ይጨምርላታል? የሞተው ሕዋስ የሚናገረው በቂ አይደለም ወይ?

የቂሊንጦ ተማሪ · ሚያዝያ 15፣ ከቀኑ 7፡15

ዶክተር፣ ጥያቄዎ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ እኔም ቶሎ ልመልሰው ያልፈለግሁት ለዚህ ነው።

ስላይድ አንድ ቅጽበት ነው። የካንሰር ሕዋስ ከደም ሥር አጠገብ ተቀምጦ ሲያዩት፣ ሊገባ እየመጣ ነው ወይስ ዝም ብሎ በዚያ የበቀለ ነው የሚለውን ቅጽበቱ አይነግርዎትም። የኒውዮርኩ አልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ባልደረባ የነበሩት ጆን ኮንዲሊስና ባልደረቦቻቸው የመለሱት ይህንን ነው። የጡት ዕጢ ሕዋሳትን አብሪ ፕሮቲን እንዲሠሩ አድርገው በሕያው አይጥ ውስጥ ሲከታተሏቸው፣ አብዛኞቹ ሕዋሳት ከቦታቸው እንደማይነቃነቁ፣ የሚጓዙት ጥቂቶቹ ግን ኮላጅን የተባለውን የፕሮቲን ክር እንደ መንገድ ተከትለው እንደሚሄዱ አዩ። ይህን ክር ለማየት ማቅለሚያ አያስፈልግም፤ የሁለት ፎቶን ሌዘር ሲያርፍበት በራሱ ጸባይ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይመልሳል። ከዚህም በላይ፣ ተጓዡ ሕዋስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም፤ ማክሮፌጅ የተባለው የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ አብሮት አለ። ማክሮፌጁ ለካንሰሩ ሕዋስ የዕድገት ምልክት ይልካል፣ የካንሰሩ ሕዋስም በተራው ማክሮፌጁን የሚጠራ ሌላ ምልክት ይመልሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲቋረጥ ጉዞው እንደሚቆም እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ።

አሁን ወደ እርስዎ ስላይድ እመጣለሁ። እነዚህ ተጓዦች ወደ ደም የሚገቡት በዘፈቀደ ቦታ ሳይሆን ሦስት ሕዋሳት በሚነካኩበት ነጥብ እንደሆነ ታየ፤ አንድ የካንሰር ሕዋስ፣ አንድ ማክሮፌጅ፣ አንድ የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ። ይህ ሦስትነት ከታወቀ በኋላ ግን ለመቁጠር ሌዘር አላስፈለገም። በ2009 በታተመ ሥራ ሦስቱ ሕዋሳት በሦስት ቀለም ተለይተው፣ እርስዎ በሚያውቁት በፓራፊን በታሸገ የሰው የጡት ካንሰር ናሙና ላይ ተቆጠሩ፤ ቁጥሩ የበዛባቸው ታካሚዎች ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል የመሠራጨት ዕድሉ ከፍ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። በ2015 ደግሞ የደም ሥሩ ግድግዳ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈትና መልሶ እንደሚዘጋ በሕያው አይጥ ታየ። በስላይድ ላይ ሦስቱ ሕዋሳት ሁልጊዜም ነበሩ፤ እዚያ ቦታ ላይ በር እንዳለ ግን የሚጠረጥር አልነበረም።

ዶ/ር ከአያት · ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 2፡00

ተቀብያለሁ። ማክሮፌጅ በዕጢ ዙሪያ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ሪፖርት ስጽፍም ብዙ ጊዜ «የብግነት ሕዋሳት ይታያሉ» ብዬ በአንድ ሐረግ አልፌዋለሁ። ሆኖም ሦስት ቀለም የሚፈልገው ያ የኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ (ሕዋስን በፀረ እንግዳ አካል ለይቶ የማቅለም) ሥራ ሪኤጀንት የሚጠይቅ መሆኑን አንርሳ፤ እዚህ አገር ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መሣሪያ ጠጋኝ ከጀሞ · ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 3፡40

የባዮሜዲካል መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ መብራት ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ ክር ውስጥ እስካሁን ሌዘሩ እንጂ ሶኬቱ አልተነሣም።

ቀደም ሲል በየሆስፒታሉ የነበሩት ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፖች በሜርኩሪ አምፖል የሚሠሩ ነበሩ። አምፖሉ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ካገለገለ በኋላ መቀየር አለበት፤ አንዴ ከጠፋም እስኪቀዘቅዝ መልሶ አይበራም፤ ጨለማ ክፍልም ይፈልጋል። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚሄድበት ሰፈር እንዲህ ዓይነት አምፖል ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እኔ ራሴ ከተከፈተ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላው አምፖሉ የፈነዳበት መሣሪያ ለመጠገን ሄጄ አውቃለሁ፤ ተተኪ አምፖል የሚያዝለት ስላልነበረ በጨርቅ እንደተሸፈነ ትቼው ተመለስሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በኤልኢዲ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ የድሮውን እንዲተካ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤልኢዲ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት ያገለግላል፣ በባትሪ ይሠራል፣ እንደበራም ወዲያው ለንባብ ዝግጁ ነው።

ባለ ሁለት ፎቶኑ ሌዘር ግን የሌላ ዓለም ዕቃ ነው። ብልጭታው ወደ 100 ፌምቶሰከንድ የሚያጥር፣ በሰከንድም ወደ 80 ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ነው፤ ንዝረት የማይደርስበት ከባድ ጠረጴዛ፣ የማይዋዥቅ የክፍል ሙቀትና የራሱ የውሃ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የከባድ መኪና ንዝረት ከማይቋረጥበት ከቃሊቲ መንገድ ዳር የሚተከል አይደለም። ለእህታችን የምለምናት ግን አንድ ነገር ነው፦ የጤና ጣቢያውን ማይክሮስኮፕ ፊልተር አይንኩት። የተስተካከለው ለአውራሚን ነው፤ አንዴ ከተዛባ የሚጎዳው የቲቢ ታካሚው ነው።

ነርስ ለገጣፎ · ሚያዝያ 16፣ ከጠዋቱ 4፡20

ውይይታችሁን በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። እኛ የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰርን በአሴቲክ አሲድ እንመረምራለን፤ ነጭ ሆኖ የታየውን ቦታ በዚያው ቀን እናክማለን። ነገር ግን ብግነትም ነጭ ስለሚሆን ሳያስፈልጋቸው የሚታከሙ ሴቶች መኖራቸውን እናውቃለን። በሕያው አካል ላይ ሕዋስን ማየት የሚቻል ከሆነ፣ በአይጥ ሳይሆን በሰው ላይ፣ ሳይቆረጥ ማየት የሚቻልበት መንገድ የለም ወይ?

የቂሊንጦ ተማሪ · ሚያዝያ 16፣ ከቀኑ 9፡05

አለ፣ ሲስተር፤ የሚገርመውም መሣሪያው ከሌዘሩ ይልቅ ለአቃቂዋ ማይክሮስኮፕ የሚቀርብ መሆኑ ነው። በአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሪቤካ ሪቻርድስ ኮርተም ቡድን የሠራው ማይክሮኢንዶስኮፕ በቀጭን የፋይበር ገመድ ጫፍ ማሕፀን በሩን ይነካል። የሚያበራው በ455 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው፤ ከዚያ በፊት 0.01 በመቶ የሆነ ፕሮፍላቪን በጥጥ ይቀባል። ፕሮፍላቪን ከዲኤንኤ ጋር ስለሚጣበቅ ኒውክለሶቹ በጨለማ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያሉ። ጤናማ ከሆነ ነጠብጣቦቹ ትናንሽና ተራርቀው በእኩል የተቀመጡ ናቸው፤ ቅድመ ካንሰር ሲሆን ይተልቃሉ፣ ይጨናነቃሉ፣ ቅርጻቸውም ይዛባል። ሴትየዋ ከአልጋው ሳትወርድ ምስሉ በስክሪን ላይ ይታያል።

ለእህታችን ጉበት ጭጋግ ሆኖ የቆየው ብርሃን እዚህ ያን ያህል የማያስቸግረው፣ ቀለሙ ከላይ ስለሚቀባና ወደ ውስጥ ብዙም ስለማይሰርግ ነው። ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የሚያየው ላይኛውን ንብርብር ብቻ ነው። ቅድመ ካንሰር የሚጀምረው ከሥር ስለሆነ ገና ወደ ላይ ያልደረሰውን ሊስተው ይችላል። በማሕፀን በር ቦይ ውስጥ የተደበቀውን ገመዱ አይደርስበትም። ስለዚህ የአሴቲክ አሲዱን ምርመራ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አድርገው አይዩት።

ዶ/ር ከአያት · ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 1፡50

በሰው ላይ ስለሚደረገው ከተነሣ፣ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ መንገድ አለ። ታካሚው ማደንዘዣ ከመውሰዱ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የሚባል ነገር ይጠጣል፤ በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ነው። ግሊዮማ የተባለው የአንጎል ዕጢ ሕዋሳት ይህን ወደ ፕሮቶፖርፊሪን ለውጠው ከጤናማው አንጎል ይበልጥ ያከማቹታል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ማይክሮስኮፕ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ሰማያዊ መብራት ሲያበራ ዕጢው ቀይ ሆኖ ያበራል፣ የቀረው አንጎል ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የጀርመን ጥናት በዚህ ብርሃን ከተረዱት ታካሚዎች 65 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ፣ በተለመደው ነጭ ብርሃን ግን 36 በመቶ ነበር። ታካሚው ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ከፀሐይና ከደማቅ መብራት መጠበቅ አለበት፤ ቀለሙ በቆዳም ስላለ ቆዳው ይቃጠላል።

እንግዲህ ትናንት «ምን ይጨምርላታል» ያልሁትን ሳስበው፣ የጠየቅሁት ስለ ሌዘሩ ብቻ ኖሮ ነው። ብርሃኑ ራሱ ወደ ሰው ከደረሰ ቆይቷል።

መሣሪያ ጠጋኝ ከጀሞ · ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 2፡30

ዶክተር፣ «ቀለሙ በቆዳ ስላለ ይቃጠላል» ያሉት ለማይክሮስኮፕም ይሠራል ማለት ነው? አንዳንድ ተማሪዎች ሕዋስ አንዴ ካበራ ቀኑን ሙሉ ሊቀረጽ የሚችል ይመስላቸዋል።

የቂሊንጦ ተማሪ · ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 3፡00

ይሠራል። ማቅለሚያው ብርሃን በዋጠ ቁጥር ከኦክስጅን ጋር ተጋጭቶ ጎጂ ውሑድ ሊፈጥር ይችላል፤ ይህ ማቅለሚያውንም ያነጣል፣ ሕዋሱንም ይገድላል። ሕዋሱ መሳቡን ቢያቆም፣ ያቆመው በራሱ ጸባይ ይሁን በእኛ ብርሃን መለየት ስለሚያስቸግር፣ የምንችለውን ያህል ደካማ ብርሃን ተጠቅመን በየሁለት ደቂቃው አንድ ምስል ብቻ እናነሣ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሥራዬን ግማሽ ያህሉን የጣልሁት ይህን ባለማወቄ ነው።

አቃቂ ላብራቶሪ · ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 3፡25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ ጉበቱን በዚያው ቀን በባዮሐዛርድ ከረጢት አስወግጄዋለሁ፤ ጠረጴዛውንም በክሎሪን አጽድቻለሁ።

ዛሬ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥቂት አክሪዲን ኦሬንጅ አገኘልኝ። እርሱም እንደ ፕሮፍላቪን ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ ጓንት አድርጌ ነው የነካሁት። ፊልተሩን ሳልነካ፣ ከራሴ ጉንጭ ውስጥ በንጹሕ እንጨት ፍቄ፣ በስላይዱ ላይ አንድ ንብርብር ብቻ እንዲሆን ስስ አድርጌ አሰራጨሁትና አንድ ጠብታ ጨመርሁበት። ጭጋጉ የለም። ሕዋሶቹ እንደ ተጠበሰ እንቁላል ጠፍጣፋ ናቸው፣ በመካከላቸው ኒውክለሱ ጥርት ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ የአፍ ባክቴሪያዎችም ዳር ዳሩን ተበትነው አየኋቸው። ለካንሰር ምርመራ የሚሆን አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሲስተር የጠየቁትን ምስል ግን በመጠኑ ያየሁት ይመስለኛል።

የኒውክለሱን ስፋት ከሕዋሱ ስፋት ጋር ለማነጻጸር መቁጠር ጀምሬ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛውን መስክ ሳልጨርስ አረንጓዴው እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋብኝ። ይህ እናንተ ያላችሁት መንጣት ነው?

የቂሊንጦ ተማሪ · ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 3፡50

እርሱ ነው። የኤልኢዲውን ብርሃን ወደ ሩብ ያውርዱት፤ ከመስክ ወደ መስክ ሲሻገሩና ሲጽፉም ያጥፉት፤ ፎከሱን በአንድ ጥግ አስተካክለው መቁጠሩን ገና ብርሃን ባልነካው በሌላው ጥግ ይጀምሩ።